ባንዲራ ላይ የተቀመጠችው እስስት

ዛሬ አባባ የልጄን እስስት እያዩ አለቀሱ። አያቴ ናቸው፤ ዘጠና አምስት ዓመታቸው ነው፣ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

ልጄ እንደ ሁልጊዜዋ እየተነጫነጨች ነበር። "አባባ፣ አሁንም አመድ መስላለች! አረንጓዴ የምትሆነው መቼ ነው?"

"ገና ሕፃን እኮ ናት፤ ታገሺያት። ቀለሟ ስታድግ ይመጣል" አሏት። ያለቀሱት ይሄኔ ነው።

ከዚያ ነገሩን። በጣሊያን ጊዜ፣ እዚሁ ልደታ፣ ልጅ ሳሉ ከአጥር ላይ ትንሽ እስስት ያዙ።

እስስት የተቀመጠችበትን ቀለም ትይዛለች ሲባል ሰምተዋላ! እናታቸው ሳጥን ውስጥ የደበቁትን ባንዲራ አባባ ሰርቀው አውጥተው እስስቷን እላዩ ላይ አስቀመጧት። ባንዲራ የተገኘበት ቤት ወየውለት በሚባልበት ዘመን!

እናታቸው ደርሰው ጆሯቸውን ያዟቸው። "ልታስጨርሰን ነው?"

"እማዬ፣ ባንዲራውን ቢያዩት ያስሩናል። እስስት ግን ማን ያስራል?"

የእናታቸው እጅ ላላ። "ገና ሕፃን እኮ ናት፤ ታገሣት። ቀለሟ ስታድግ ይመጣል" አሏቸው፣ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

ከወራት በኋላ አረንጓዴው መጣ። ቢጫውንና ቀዩን አባባ እስካሁን እየጠበቁ ነው።

እናንተስ? ከእናታችሁ አፍ ወስዳችሁ፣ ሳይታወቃችሁ ለልጅ የምትደግሙት ቃል የቱ ነው?