ማዶ ያለው ግንብ

መንደራችን ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ካለችው ከዋሂል ወዲያ፣ በአሸዋማ ወንዝ ግራና ቀኝ የተቆረቆረች ናት። የቆረቆሯት አባቴ፣ የአባቴ ጓደኛና የድሬ የቤት ኪራይ ያስመረራቸው ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። እሾህ መነጠሩ፣ አሸዋውን ቆፍረው ውሃ አወጡ፣ ፓፓያና ቲማቲም ተከሉ። እኛ ከወንዙ ወዲህ፣ የአባቴ ጓደኛ ከወዲያ፣ ፊት ለፊት ሰፈርን። ጠዋት ጠዋት እናቴና እሱ ማዶ ለማዶ ተጣርተው ሰላም ሳይባባሉ ሥራ አይጀመርም ነበር።

መንደሯ አንድ ሕግ ነበራት። ማንም በወንዙ ዳር ለብቻው ግንብ አይሠራም። አቅም ሲገኝ በሁለቱም በኩል አብሮ ይጀመራል፤ እስከዚያ ሁሉም ከነስጋቱ ይቀመጣል። ምክንያቱን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እዚህ ጠብታ ሳይጥል ደጋ ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፤ በአንዱ በኩል ከታገደ ኃይሉን ሁሉ በሌላው ላይ ያወርዳል። ሕጉ ሲወጣ ዱአ ያደረገው የአባቴ ጓደኛ ራሱ ነበር።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ያ ሰው ድንጋይ ማስከመር ጀመረ። እናቴ ምን ሊሠራ እንደሆነ ጠየቀችው።

"የፍየል በረት ነው አቦ! ጅቡ አስቸገረኝ እኮ" አላት።

አመነችው። እንዲያውም ድንጋይ የምንሸከምበትን ባሬላ አዋሰችው፤ ለግንበኞቹም ሻይ እያፈላች በፔርሙዝ ትልክ ነበር። ይዤ የምሻገረው እኔ ነበርኩ። በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ ከቁመቴ ሲበልጥ፣ የበረቱ ሌሎች ጎኖች ገና መሠረታቸውም አልተቆፈረም። ስጠይቀው "ቀስ እያልን እንጨርሰዋለን" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰነፍ ግንበኛ አይቼ አላውቅም ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

ጎርፉ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ እየጠበሰን መጣ። ግንቡን መታና ወደ እኛ ታጠፈ። እናቴን ጎትቼ ጉብታው ላይ ሳወጣት የቤታችን ግድግዳ ሲወድቅ ሰማሁ። ማዶ የእሱ ፍየሎች ተኝተው ያመሰኩ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምቻለሁ፤ አወዳደቁ እንዲህ እንደሚያቃጥል ግን ማንም አልነገረኝም።

ውሃው እንደጎደለ አካፋ ይዞ ከሁሉ ቀድሞ የመጣው እሱ ነው። እናቴ ፊት ቆሞ አለቀሰ። እንባው የእውነት ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

"ምን ይደረጋል እህቴ፣ ውሃው የአላህ ነው" አላት።

"ውሃውስ የአላህ ነው" አለች እናቴ። "ግንቡ የማን ነው?"

አጎንብሶ ጭቃውን መዛቅ ጀመረ።

በእኛ በኩል ያሉት ቤቶች ሁሉ ተመተው ስለነበር የሚያስጠጋን አልነበረም። እሱ ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ለቀቀልን። እናቴ እዚያ ከምገባ ሜዳ ላይ ልደር ብላ ነበር። ደጋው ላይ ደመናው ዳግመኛ ሲጠቁር ግን የተረፈ ዕቃዋን አንስታ ተሻገረች።

ዛሬም እዚያው ነን። ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ግንቡን ይደበድበዋል፣ ክፍላችን ይንቀጠቀጣል። እናቴ "ይዟል?" ትለኛለች። ወጥቼ በእጄ እዳስሰዋለሁ። እንዳይፈርስ አላህን እለምናለሁ፤ ያውም ከልቤ። ያ ሰው ቤታችንን ማስፈረሱን ምናልባት አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል። ለዚያ ግንብ እንድጸልይ ማድረጉን ግን ይቅር አልለውም።