የዳማ ጆሮና የደረሰ ሚኒባስ

ደረሰ ከቆሰበር ዳንግላ ሚኒባስ እየነዳ ጎልማሳ ሆነ። አንድም ቀን ግን በአማቱ በአቶ ቢሻው ፊት አፉን ሞልቶ «ሹፌር ነኝ» ብሎ አያውቅም። አቶ ቢሻው የድሮ ፈረሰኛ ናቸው። ልጃቸውን ሸጋን ሲድሩለት «ኮርቻ ለማያውቅ ሰው» እያሉ ነበር የመረቁት፤ ምርቃቱ ሠምሮ ልጆች ተወለዱ፣ ቅሬታቸው ግን ንቅንቅ አላለም።

ዘንድሮ ነገሩ የሚለወጥ መሰለ። ለጥር ጊዮርጊስ የፈረሰኞች በዓል ከሰፈሩ ፈረሶች ፊት ፊት እየሄደ ዘፈን የሚያሰማ መኪና ተፈለገና ሽማግሌዎቹ የደረሰን ሚኒባስ መረጡ። ደረሰ አማተበ። እስፒከሮቹን ጣሪያው ላይ፣ አምፕሊፋየሩን ከኋላ ወንበር ሥር ራሱ ገጠመ። ሙያውን የተማረው ከስልኩ ቪዲዮ ነው፤ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር የቀረውን በግምት እየሞላ።

ቪዲዮው ስለ አምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ ሽቦ ሲናገር ግን ኔትወርኩ አልተቋረጠም። ሽቦው አጭርና ወፍራም ይሁን፣ የመኪናው ቀለም ተፍቆ ባዶው ብረት ላይ በብሎን ይጥበቅ ሲል ደረሰ አጥርቶ ሰምቷል። ችግሩ ሚኒባሱ ቀለም ተቀብቶ ከወጣ ገና ቅርብ ጊዜ መሆኑ ነው። የቆሰበር ዝናብ ደግሞ የተፋቀ ብረት ካገኘ አይምርም። ስለዚህ የወንበሩን ብሎን አላልቶ ቀለሙን ሳይፍቅ ሽቦውን አሰረና «ብረት ብረት ነው» ብሎ ተገላገለ።

የልምምዱ ዕለት ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ። ሞተሩ ሲነሣ ግን ከዘፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ ደረሰ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ፉጨቱ ወደ ላይ ይወጣል። ፈረሶቹ ጆሯቸውን ቀሰሩ፣ ከዚያም በያቅጣጫው ተበተኑ። አንዱ ፈረሰኛ አዲስ ጋቢውን እንዳጣፋ መንገድ ዳር ካለው የአካሻ ዛፍ ደን ውስጥ ገባ፤ ሲወጣ ጋቢው አልነበረም።

አቶ ቢሻው ዳማ ፈረሳቸውን እያባበሉ መጡ። «መኪናህ ምን ሆኖ ነው የሚያቃስተው?»

«ትንሽ የሽቦ ነገር ናት፣ አባባ። ዘፈኑን ከፍ ካደረግሁት አትሰማም።»

«ለአንተ አትሰማም። ዳማ ይሰማታል። እስከ ነገ ካልዳነ ከአዲስ ቅዳም ከተማ የምህረቴ መኪና ይመጣል። ምህረቴ ፈረስም አለው።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ደረሰን እንቅልፍ ነሳችው።

በማግስቱ ማለዳ አቶ ቢሻው ዳማን እየሳቡ ከደረሰ ግቢ ደረሱ። ፈረሱን ከአጥሩ አሰሩት። «የእኔ ጆሮ ደክሟል፤ እሱ ይፍረድ» አሉና ግንድ ላይ ተቀመጡ።

ደረሰ ሽቦውን ፈትቶ ከመቀመጫ ቀበቶው ብሎን ላይ አሰረው። ሞተሩን አስነሣ። የዳማ ጆሮ ተቀሰረ። ወደ ኋላው በር ማጠፊያ ወሰደው። ዳማ አናፋ። ደረሰ ወዲያና ወዲህ ሲል ሸጋ ወገቧን ይዛ ታየዋለች።

«ቀለሙን ፋቀውና ይለይልህ» አለችው።

«እንዲህ እያበራ?»

«የእኔን ፊት እንዲህ አይተኸው አታውቅም።»

አቶ ቢሻው ሳል መሰል ሳቅ ሳቁ። «ቆይ እስኪ፣ በሽቦውና በብረቱ መካከል ምንድን ነው ያለው?»

«ቀለም ነው፣ አባባ።»

«እኔ በኮርቻውና በፈረሱ ጀርባ መካከል ጠጠር ትቼ፣ ለምን ይወራጫል እያልሁ ሳማክርህ ብውል ምን ትለኛለህ?»

ደረሰ ወንበሩን አነሣና በስመ አብ ብሎ ብርጭቆ ወረቀቱን ወለሉ ላይ አሳረፈ። ፊቱን አዙሮ ነበር የሚፍቀው። የሳንቲም ስፋት ያህል ብረት ቦግ ብሎ ወጣ። ሽቦውን አሳጥሮ በብሎን አጠበቀው፤ ዝናቡ እንዳያገኘው ላዩን ግሪስ ቀባው፤ ወንበሩን መለሰ።

ዘፈኑ ተከፈተ። ደረሰ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጅ ረገጠ፤ ሁሉም ወደ ዳማ ጆሮ አፈጠጠ። አንደኛው ጆሮ ተርገበገበ። ሸጋ ተጠግታ እፍ ስትል ጆሮው ላይ ያረፈው ዝንብ በረረ፤ ዳማም ወደ ድርቆሹ አጎነበሰ።

«አስነሣው እንጂ ሞተሩን» አሉ አቶ ቢሻው።

«ተነሥቷል እኮ፣ አባባ።»

አቶ ቢሻው ተነሥተው ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። መዳፋቸውን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፈው መንቀጥቀጡን አረጋገጡ። ከዚያ ለዳማ በአዊኛ አንድ ነገር ነገሩትና ፈቱት። ለደረሰ ምንም ሳይሉት ወጡ፤ ስለ ምህረቴም አላነሡም። ደረሰ ይህን እንደ ምርቃት ቆጥሮ ተመስገን አለ።

የበዓሉ ዕለት ሚኒባሱ ከፊት፣ ያጌጡት ፈረሶች ከኋላ ሆነው በቀስታ ወደ ሜዳው ወረዱ። አንድም ፈረስ አልበረገገም። መንገዱ አጋማሽ ላይ አቶ ቢሻው ዳማን ከመስኮቱ አስጠጉና ጎንበስ ብለው፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ አድርገው፣ «የእኛ ሹፌር፣ እስኪ ዘፈኑን ትንሽ ከፍ አድርገው» አሉት።