ደመወዝ በአስተዳዳሪው ቢሮ

በድርቁ ዘመን፣ አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን፣ መካነ ሰላም አስተዳደር ቢሮ ውስጥ ተራ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን አስተዳዳሪው ዋና ጸሐፊ ሊያደርጉኝ አስጠሩኝ።

«እድገቱን እቀበላለሁ፤ ደመወዙ ግን ይጨመርልኝ» አልኳቸው።

«ሕዝቡ በረሃብ እያለቀ አንተ ጭማሪ ትጠይቃለህ?» ብለው አፈጠጡብኝ።

«ወላሂ፣ ጌታዬ፣ ለሟች ወንድሜ ልጆች የማበላው አጥቼ ነው።»

ይህን ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በዚህ መሀል ከደሴ የመጡ ወታደሮች በሩን በርግደው ገቡ።

«ይነሱ! ይፈለጋሉ» አሏቸው። አንደኛው ወደኔ ዞሮ «ይሄስ? የርስዎ ሰው ነው?» ሲል ክው አልኩ። ያን ጊዜ የአስተዳዳሪ ሰው መባል አብሮ ያስወስድ ነበር።

አስተዳዳሪው ካባቸውን ደርበው ተነሱና ፊቴን እንኳ ሳያዩ፣

«አላውቀውም፤ የርዳታ እህል ሊለምን የመጣ ነው» አሉ።