ታጥቤ ነው የምገባው

የቦክስ ጓንት ውስጡን አሽትታችሁ የማታውቁ ከሆነ አታሽትቱ። እኔ አሽትቼ ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ስንቱ ጎረምሳ እጁን እየከተተ ያላበበት፣ ፀሐይ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ እርጥብ ቆዳ ነው። ክለቡ ያለው አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮቱ ከላይ አንድ ብቻ፤ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ስፖንጅ ላብ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲረግጡት ጨቅ ጨቅ ይላል። ጥግ ላይ ሁሉም የሚተፉበት ባልዲ አለ። ማን እንደሚደፋው አልጠየቅኩም፤ መልሱን መስማት አልፈለግኩም። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ናቸው ታናሽ ወንድሜን «ሽቶ» ብለው የሰየሙት። ለማሽሟጠጥ መሆኑ ነው።

እኔ የምሠራው የሴቶች ፀጉር ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ሳጥብ እውላለሁ። ተጸያፊ ነሽ ቢሉኝ አልቆጣም፤ ነኝ። በሰው ማበጠሪያ አላበጥርም፣ ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ደጋግሜ ካላለቀለቅኩ አፌ አላስጠጋም። ስለ ክለቡ ያልኩትን አጋንናለች ትሉ ይሆናል። ሄዳችሁ እዩት።

ወንድሜ የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚመጥ መኪና ላይ ነው የሚሠራው። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ሬዲዮውን ያዳምጣል፤ ወንድሜ የጉድጓዱን ክዳን ፈንቅሎ፣ ያን ወፍራም ቱቦ በትከሻው ተሸክሞ ይሰድዳል፣ ሲደፈን ይጎረጉራል። ባለቤቶቹ በረንዳ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን በነጠላ ጫፍ ይዘው «እዚያ ጋ ቀርቷል» ይሉታል። የቀረው የማን እንደሆነ የረሱ ይመስል!

ከሥራ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሳይታጠብ ቤት አይገባም። ቦት ጫማው ከአጥር ውጭ ያድራል፤ የሥራ ልብሱ ለብቻው ይዘፈዘፋል፣ ለብቻው ይሰጣል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ከእኔ ብሶ ቆዳው እስኪላጥ ይፈገፈጋል። ያም ሆኖ በዕረፍት ቀኑ ሸሚዙን ተኩሶ ታክሲ ውስጥ ሲገባ፣ የሰፈር ሰው ካለ አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶውን ይሄዳል። ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ፣ ወንበር ባዶ! ይህንን ባየሁ ቁጥር ሁሉንም በጥፊ ማዳረስ ያምረኛል።

ቦክስ የጀመረበት መንገድ ራሱ ጉድ ነው። የክለቡ ሽንት ቤት ሞልቶ ፈስሶ መኪናው ተጠራ። ወንድሜ ሥራውን ጨርሶ ቱቦውን ሲጠቀልል በሩ ክፍት ነበርና ልጆቹ ሲሠለጥኑ አየ፤ ልቡ እዚያው ቀረ። በነጋታው ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ ሄደና «መመዝገብ እፈልጋለሁ» አላቸው። አሠልጣኙ «ደግሞ ሞላ እንዴ?» አለው። መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜም አብሯቸው ሳቀና ተመዘገበ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እየሳቀ ነው የሚያወራኝ፤ የሚያንገበግበው እኔን ነው። ሌሎቹ ጓንቱንም የራስ መከላከያውንም ይቀባበሉታል፤ የአንዱ ላብ በሌላው ግንባር ላይ ይወርዳል። ለሱ ግን የተቀደደ ጓንት ተመርጦ ከበሩ ውጭ ሚስማር ላይ ለብቻው ተሰቀለለት። «እታለም፣ የራሴ ጓንት ያለኝ እኮ እኔ ብቻ ነኝ» ይለኛል። ለልምምድ ሁለት ሁለት ሆነው ሲገጥሙ ከሱ ጋር የሚወጣ አይገኝም፤ አንዱን ጎኑን ይወጋዋል፣ ሌላው ቁርጭምጭሚቱ ይዞርበታል። የቀረው ከጣሪያው የተንጠለጠለው ከረጢት ብቻ ነው። በከረጢቱ ላይ የሆዱን ሁሉ ተወጣበት፤ ቡጢውም ግድግዳ የሚያናጋ ሆነ።

ቤታችንም የክለቡ ቅርንጫፍ ሆነ። የጥርስ መከላከያውን በሻይ ማፍያዬ ቀቀለው! ለስልሶ የጥርሱን ቅርጽ እንዲይዝ ነው አሉ። ሻይ ማፍያውን ጣልኩት። ትራስ አስይዞኝ በቡጢ ሲደበድብ ልጋጉ ክንዴ ላይ ሲንጠባጠብ «ወግድልኝ!» እያልኩ እሸሻለሁ፤ ተመልሼ ግን እይዝለታለሁ፤ ሌላ ማን ይያዝለት።

ከሌላ ሰፈር ክለብ ጋር ውድድር ሲያዝ፣ በወንድሜ ኪሎ የሚገጥመው ልጅ አውራ ጣቱ ተሰበረ። አሠልጣኙ ዞሮ ዞሮ ሌላ ሰው አጣ። ያን ዕለት ወንድሜ ፊቱ በርቶ ገባ።

«ታሸንፋለህ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ቢቀጠቅጠኝም ግድ የለኝም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው እታለም። አንድ ጊዜ እንኳ ሰው የሚሸሸኝ ቡጢዬን ፈርቶ ይሁን።»

አንጀቴን በላው። እንዲህ ሲሰማኝ ደግሞ ስለምናደድ «ተነስና ካልሲህን አስጣ» ብዬው ወጣሁ።

በውድድሩ ዋዜማ ፎጣውን ረስቶ ስለሄደ ይዤለት ሄድኩ። ጓንቱን ያሸተትኩትም ያን ጊዜ ነው፤ የወንድሜ መስሎኝ አነሳሁት፣ የሱ አልነበረም። አሠልጣኙ ሲያወራ ጥርሱን በክብሪት እንጨት የሚጎረጉር ሰውዬ ነው፤ ያወጣውን አየት አድርጎ መልሶ ይበላዋል። ኤጭ! ወንድሜን ጥግ አስይዞ ይመክረዋል።

«ስማኝ ሽቶ፤ አንተ ከሰው ጋር ተለማምደህ አታውቅም። ልጁ ተጠግቶ ካቀፈህ አለቀልህ። ስለዚህ ነገ ከሥራ በቀጥታ ና።»

«ከሥራ?»

«አዎ፣ እንዳለህ። እንዳትታጠብ። ቁምጣህን ብቻ ቀይር። ማን ወንድ ነው የሚጠጋህ? ሌላው በስንት ላብ የሚያጣውን አንተ በነጻ ተሰጥቶሃል።»

ከኋላው ያሉት ጎረምሶች ተንከተከቱ። ወንድሜ እንደ ልማዱ አብሮ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን እምቢ አለው። በሕይወቴ ብዙ ነገር ቀፎኛል፤ እንደዚያ ሰውዬ ፊት ግን የቀፈፈኝ የለም። በዕድሜ አባቴ ቢሆንም አንቱታውን ያን ሰዓት ከየት ላምጣው?

«አንተ ሰውዬ፣ ወንድሜ ታጥቦ ነው የሚመጣው። ካልፈለግክ አፍንጫህን ላስ!»

«ታጥቦ ከመጣማ ምን ይሠራልኛል? ሪንግ ላይ አላወጣውም» አለ፣ እንጨቱን ከአፉ ሳያነሳ።

ሰፈር ልንደርስ ስንል ወንድሜ፣ «እታለም፣ አንድ ቀን እኮ ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«እንዳለሁ ብሄድ። ካለዚያ አያወጣኝም።»

ልመታው ምንም አልቀረኝም። ትንሽ እንደሄድን ራሱ ቆመ። «አይ፣ ታጥቤ ነው የምገባው። የምባረርም ከሆነ ታጥቤ ልባረር።»

ውድድሩ ከሰዓት በኋላ ነበር። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ለምሳ ስትወጣ ወንድሜን በጓሮ በር አስገብቼ ደንበኞች የሚታጠቡበት ወንበር ላይ አጋደምኩት። በሻምፑ ራሱን፣ አንገቱን፣ ከጆሮው ኋላ አጠብኩት፤ ጥፍሮቹን በብሩሽ ፈገፈግኩ። የጠቆረ ውሃ ነበር የምጠብቀው። ውሃው ከቧንቧው እንደወጣ ጠርቶ ወረደ። ደገምኩት፤ አሁንም ጥርት ያለ። እሱ ከሥራ እንደወጣ ራሱን አጥቦ ኖሯል። የሚታጠብ ነገር አልነበረም፤ እጄ ግን ማጠቡን አላቆመም። «ሴትዮዋ ትመጣብናለች» ሲለኝ ነው የተውኩት።

አዳራሹ በር ላይ አሠልጣኙ አንገቱ ሥር ገብቶ አሸተተው። «ሻምፑ!» አለ፣ የተሰደበ ይመስል። ያባርረዋል ብዬ ስጠብቅ ትከሻውን ነቀነቀና «ለነገሩ ወሬው ከደረሰ ይበቃል» አለ። የምን ወሬ እንደሆነ የገባኝ ተጋጣሚው ሪንግ ላይ ሲወጣ ነው። ከአፍንጫው ሥር እስከ ላይኛው ከንፈሩ ነጭ ቅባት ተለድፎበታል። ዳኛው ቫዝሊን መስሎት ዝም አለ። እኔ ግን ከፊት ስለተቀመጥኩ ሽታው ደረሰኝ፤ ጉንፋን ሲይዘን ደረታችንን የምንቀባው፣ ዓይን የሚያቃጥለው ቅባት ነው። የኛ ሰውዬ «የሽንት ቤት ሠራተኛ ነው የማመጣላችሁ» ብሎ ቀድሞ አስወርቷል፤ እነሱ ደግሞ ለአፍንጫቸው ተዘጋጅተው መጡ። ወንድሜም አየው። አንዴ ወደ እኔ ዞረ፣ ከዚያ የጥርስ መከላከያውን ነከሰ።

በመጀመሪያው ዙር፣ እውነቱን ልናገር፣ ልጁ ወንድሜን ቀጠቀጠው። ጎበዝ ነው። አልሸሸውም፤ እየገባ፣ እየተጠጋ መታው። ወንድሜ ግን ብታዩት ደስ ብሎት ነበር! ከንፈሩ ደምቶ ዓይኑ ይስቃል። በሁለተኛው ዙር ወንድሜ አንዲት ቡጢ የልጁ አፍንጫ ላይ አሳረፈ። ቡጢው ቅባቱን ወደ ላይ አሻሸው፤ ከላቡ ጋር ተቀላቅሎ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ልጁ በጓንቱ ጠረገው፤ ጓንቱ ደግሞ ለሌላኛው ዓይኑ አዳረሰለት። እንባው እየወረደ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን መደብደብ ጀመረ። ወንድሜ እጁን አወረደ።

«ምታው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ!» ይላል አሠልጣኙ።

አልመታውም። ዳኛው ፍልሚያውን አቆመና የወንድሜን እጅ አነሳ። አዳራሹ «ሽቶ! ሽቶ!» አለ። አሠልጣኙ ዘሎ ሪንግ ላይ ወጥቶ «ታጥበህ እንኳ ግማትህ ጣለው!» እያለ ግንባሩን ሳመው። በዚያ አፉ! ወንድሜ ከሪንጉ ሲወርድ ያሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር።

ከአዳራሹ ጀርባ አንድ መታጠቢያ ቤት አለ፤ ቧንቧው ውሃ የለውም፣ በርሜልና ጣሳ ተቀምጧል። ተጋጣሚው ብቻውን ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት፣ ጣሳውን በዳበሳ ይፈልጋል። የሱ ሰዎች ከዳኛው ጋር ሊጨቃጨቁ ትተውት ሄደዋል። ወንድሜ ምንም ሳይናገር ጣሳውን አንስቶ እየቀዳ ፊቱ ላይ ያፈስለት ጀመር። እኔ ቦርሳውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«እግዜር ይስጥህ፣ ማንም ሁን ማን» አለ ልጁ። «እስቲ በግራ በኩል ጨምርልኝ።»

ጨመረለት። ከመጠጋቱ የተነሳ እርጥብ ፀጉሩ የልጁን ጆሮ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ያ የሽንት ቤቱ ሰውዬ ሄደልኝ?» አለ ልጁ። «ወይ ግማት! በዚያ ሁሉ ቅባት መሃል እንኳ ይሸተኝ ነበር። ይኸው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። አንተ አይሸትህም?»

ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ወንድሜ በዓይኑ ለመነኝ።

«ሄዷል» አለው፤ ሌላ ጣሳ ሊቀዳለትም ወደ በርሜሉ ጎንበስ አለ።