የዓሣው ጓደኛና የሐሚዳ መርዶ

መካኒሳ፣ በነወጋየሁ ሰፈር፣ መርዶ ማርዳት የወጋየሁ ሥራ ነበር። ሰው ሲሞት ዕድሩ መጀመሪያ የሚልከው ወደ እሱ ነው። ሳይነጋ ጋቢውን ደርቦ፣ ሁለት ሦስት ጎረቤት አስከትሎ በር ያንኳኳል፤ ቁጭ ይላል፣ ስለ ጤና ይጠይቃል፣ ከዚያ ነገሩን ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። «ከወጋየሁ አፍ ሲሰሙት መርዶም ይቀላል» ይሉት ነበር። ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ነበር።

ሌላው የሚታወቅበት ዓሣ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት በሚሠራበት ፋብሪካ የነበረ ጣሊያናዊ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ፣ የመስታወት ገንዳውን ከነሁለት ቀያይ ዓሣዎቹ ትቶለት ሄደ። ወጋየሁም ገንዳውን ሳሎን፣ እናቱ አረጋሽ ከምትቀመጥበት ወንበር አጠገብ አኖረው። በ1988 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ እናቱ ጠራችውና «ወጌ፣ አንደኛዋ ዓሣህ ሞታለች» አለችው። እንዲሁ በደረቁ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ የሐሚዳ አማች ፋብሪካው በር ድረስ መጣ። ሐሚዳ ከአረጋሽ ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ አጥር የተጋራች ጎረቤት ናት። የእስላምና የክርስቲያን ሆኖ ሥጋቸው ለየቅል ቢሆንም ሽሮውን ከአንድ ትሪ ሲበሉ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ሐሚዳ ስትታመም ልጇ ለቡ ወደሠራችው አዲስ ቤት ወሰደቻት። ከዚያ ወዲህ አረጋሽ «እስቲ ሐሚዳ ዘንድ ውሰደኝ» እያለች ልጇን ስትለምን፣ እሱ «በሚመጣው ቅዳሜ» ሲላት ከርሟል።

«ትናንት ቀበርናት» አለ አማችየው። «እማማ አረጋሽ ደም ብዛት አለባቸው፤ ከሰው አፍ በድንገት እንዳይሰሙ። አንተ በወጉ አርዳቸውና ይዘሃቸው ና።»

«ቅዳሜ ማለዳ እነግራታለሁ» አለ ወጋየሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ግን የዓሣው ጉዳይ መጣ። የቀረው ዓሣ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ወይም ለወጋየሁ እንደዚያ መሰለው። የሥራ ባልደረባው ነጋ «ብቻውን የቀረ ዓሣ ናፍቆት ይገድለዋል፤ ቶሎ ጓደኛ ፈልግለት» ብሎታል። ጎረቤቱ ገዲሴ ደግሞ «ዓሣ ምን ልብ አለውና ይናፍቃል? ሰፋ ብሎት ተደስቶ ይሆናል እንጂ» ብላ ስቃበታለች። ወጋየሁ ነጋን አመነና አውቶቡስ ይዞ ደብረ ዘይት ወረደ፤ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ዓሣ የሚያረባ ሰው አለ ሲባል ሰምቶ ነበር።

«ዓሣህ ምግቡን ይበላል?» አለው ሰውየው።

«ይበላል።»

«ከበላ ምን ሆነ ታዲያ? ለማንኛውም ትንንሾቹ እስኪጠነክሩ ሁለት ሳምንት ቆይተህ ና፤ አንድ እሰጥሃለሁ።»

ማታ ቤቱ ሲገባ እናቱ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሹራብ ትሠራለች። «ለቡ ነፋሻ ነው አሉ። ለሐሚዳ ይሞቃታል» አለችው። ወጋየሁ ነገ እነግራታለሁ አለ፤ ነገም መሸ። ቀን በጨመረ ቁጥር ነገሩ ከበደ። ቢነግራት «መቼ?» ትለዋለች። ለሰው ሁሉ ምላሱ የሚታዘዝለት ሰው ለዚች አንድ ቃል መልስ አጣ። ለደም ብዛቷ ፈርቼ ነው ይላል ለራሱ። ውሸቱን ነው፤ አፍሮ ነው። እናቱ መርፌዎቿን እያጋጨች ወደ ገንዳው ዞር ትልና «አይዞህ፣ እኔም እንዳንተው ነኝ» ትለዋለች ዓሣውን። ይህን ሲሰማ ወጋየሁ ብድግ ብሎ ይወጣል።

በሁለት ሳምንቱ አዲሱን ዓሣ ውሃ በሞላ ፌስታል ይዞ ገባ። እናቱ የክት ቀሚሷን ለብሳ ተቀምጣለች፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ሹራቡ አልቆ፣ ታጥፎ ጭኗ ላይ ነው።

«ለቡ ደርሼ መጣሁ» አለችው።

«ብቻሽን?»

«ከማን ጋር ልሂድ? አንተ ለዓሣህ ሄደሃል። ሰው እየጠየቅኩ ደረስኩ። ልጅቱ በሩን ስትከፍትልኝ ሹራቡን ይዤ ‹ሐሚዳ ተኝታ ነው?› አልኳት።» ሹራቡን በመዳፏ ዳበሰችው። «ከተቀበረች አሥራ ሰባት ቀኗ። ወጋየሁ ነግሯት ነው የቀረችው ብለው ተቀይመውኝ ኖሯል።»

ወጋየሁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። «እማዬ፣ ደም ብዛትሽን ፈርቼ እኮ...»

«የዓሣህን ሞት በዚያው ጠዋት ነገርኩህ» አለችው። «ፊትህን እንኳ ሳትታጠብ።»

ወጋየሁ ፌስታሉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እሷው ናት «ጨምረው እንጂ፤ ይሄ ፍጥረት ምን አጠፋ» ያለችው። ጨመረው። አሮጌው ዓሣ ዞር ብሎም አላየው፤ ምግቡን ይለቅማል።

በሳምንቱ የዕድሩ ዳኛ አስረስ መጣና «ለነገ ማለዳ መርዶ አለብን፤ ተዘጋጅ» አለው።

«ሌላ ሰው ፈልጉ» አለ ወጋየሁ።

«ምነው? እንዳንተ ማን ይችልበታል?»

አረጋሽ ወንበሯ ላይ ሆና ወይን ጠጁን ሹራብ ከእጅጌው ጀምራ ትተረትራለች። ቀና ሳትል «አይችልበትም» አለች።