በዶክተር ኑሩ ላይ ልከራከር ቢስቲማ የወረድኩባቸው ሦስት ቀናት

ሰኞ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቴ ወጣሁ። የጉዞዬን ዓላማ ከመነሻው ልናገርና ልገላገል፤ ወንድሜን ዳግም ፓርላማ ለማስገባት በተፎካካሪው ላይ ልከራከር ነው የምሄደው። ተፎካካሪው ዶክተር ኑሩ ይባላል፣ በግሉ የሚወዳደር የእንስሳት ሐኪም ነው። ባለቤቴ ረህመት ዛሬ በሕይወት ያለችውም በእሱ ምክንያት ነው።

ይህን ሁለተኛውን ነገር ላብራራ። ረህመት የስኳር ሕመምተኛ ናት። በዚያ በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ፣ ፋርማሲው ሁሉ ተዘግቶ፣ እኛም መሸሽ አቅቶን ደሴ ቀረን። ኑሩ ኮምቦልቻ ውስጥ የከብት ክትባት የሚያስቀምጥበት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበረው። ከየት ከየት እንደሚያገኘው አላውቅም፣ ብቻ ኢንሱሊን እየፈለገ ከክትባቱ ጎን ያስቀምጥ ነበር። መኪና ስላልነበረ በየሳምንቱ በበረዶ ሣጥን ይዞ ያንን ሁሉ ዳገት በእግሩ እየወጣ ያመጣልን ነበር። አንድ ቀን ይዞት የመጣው ግማሽ ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ ይቅርታ ጠየቀን። ይህን ከረህመትና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ለማንም እንዳናወራ የለመነን ራሱ ነው።

ታዲያ ለምን ሄድክ ትሉኛላችሁ። ወንድሜን አያ ሰኢድን ስለማታውቁት ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እሱ ትምህርቱን አቋርጦ ሰኞ ገበያ ጆንያ ተሸክሞ አስተማረኝ። ዛሬ ምክር ቤት የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻው ላይ ያ ጠባሳ አሁንም አለ። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ “ወገቤ ይዞኛል፣ መውረድ አልችልም። አንተ መምህር ነህ፣ ምላስ አለህ። የቢስቲማን ድምፅ አደራ” አለኝ። አደራ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል?

“ስለ ኑሩ ምን ልትላቸው ነው?” አለችኝ ረህመት በሩ ላይ ቆማ።

“ፖለቲካ ነው የምናወራው እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም” አልኳት።

“በል እሺ” አለች፤ ግን ፊቷ እሺ አላለም።

የገበያ ቀን ስለነበር በሰኞ ገበያ በኩል ለማለፍ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። በርበሬ የጫነ ጋሪ፣ የፕላስቲክ ባልዲ ቁልል፣ በግ የሚጎትት ሰው፣ በመሀል ደግሞ የወንድሜን ፎቶ የለጠፈ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። መናኸሪያ ደርሼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ሂሳቡ ሰማንያ ብር ነው። ከከተማው መውጫ ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ነበር። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጉሙ እየሳሳ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ። በመስኮት አስፋልቱን እያየሁ ያንን ሰው በዚህ መንገድ ሣጥን አንጠልጥሎ ሲወጣ አሰብኩትና መጋረጃውን ሳብኩት።

ኮምቦልቻ የሄድኩት ጥፋት ፍለጋ ነው። በሰው ላይ ለመከራከር ጥፋት ያስፈልጋላ! የኑሩ የከብት መድኃኒት መደብር ካለበት ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ገብቼ በመቶ ሃምሳ ብር ሽሮ አዘዝኩና አጠገቤ ከተቀመጡ በግ አድላቢ ሴትዮ ጋር ወሬ ጀመርኩ።

“ዶክተሩ እንዴት ነው? ለፓርላማ ይሆናል?”

“ማሻ አላህ፣ ጥሩ ሰው ነው።”

“ጥፋት የለውም?”

“ጥፋቱማ አለ” አሉኝ። እኔም ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። “ስልኩ ሁልጊዜ ይያዛል። በግ ሊሞትብህ ሲል ለምን ይያዛል?”

ከሰዓቱን ሙሉ ዞርኩ። ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኑሩ ከዓመታት በፊት የመንግሥት ሥራውን በፈቃዱ ለቋል። ማታ አልጋ ይዤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ “ሥራ ጥሎ የሚሄድ” ብዬ ጻፍኩ። ማስተማር ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ተማሪ እንዲህ ዓይነት ማስረጃ ቢያመጣልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ማክሰኞ፣ ሐይቅና ቢስቲማ

ማልጄ ወደ ደሴ ተመልሼ መኪና ቀየርኩና ወደ ሐይቅ ሄድኩ። ሐይቁ ጠዋት ላይ ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር። ከዚያ ወደ ቀኝ ተገንጥለን የቢስቲማን መንገድ ያዝን። ስለዚህ መንገድ ብዙ ማለት አልፈልግም፣ ወንድሜ አሠራዋለሁ ያለው እሱ ነው። ከፊሉ ጠጠር ተደፍቶበት ከፊሉ ቀርቷል። አንዲት ነፍሰ ጡር በየጉድጓዱ “ያ ረቢ” ስትል ነበር። ሾፌሩ ማን እንደሆንኩ ስላላወቀ ወንድሜን በስሙ እየጠራ ሰደበው፣ እኔም ከሳቁት ጋር ሳቅሁ።

ቢስቲማ ስደርስ ቀጥታ የሄድኩት ሸህ አደም ዘንድ ነው። ሸህ አደም አበጋር ናቸው። አበጋር በእኛ አገር ደም የተቃባ የሚያስታርቅ፣ ዱዓው የሚፈራ ሽማግሌ ነው። እሳቸው የሰሙትን ወረዳው ይሰማል። በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ከሃያ ከማያንሱ ሰዎች ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ አያ ሰኢድ ወገብ ጠየቁኝ፣ ዱዓ አደረጉለት። እኔም ደብተሬን አወጣሁ።

“ስለ ዶክተር ኑሩ ጥቂት ነገር ላስረዳ ነበር የመጣሁት” አልኩ።

ሸህ አደም እጃቸውን አነሱ። “ልጄ፣ ሰውየው አለ?”

“የለም፣ ኮምቦልቻ ነው።”

“እንግዲያስ አንሰማህም። እኛ የሌለ ሰው ላይ ነገር ሰምተን አናውቅም። ይጠራ።”

“ሸህ፣ ይህ እኮ ሽምግልና አይደለም፣ ምርጫ ነው” ብዬ ተከራከርኩ።

“ምርጫውም በሰው መካከል ነው” አሉና ለአንዱ ጎልማሳ ስልክ እንዲደውል ነገሩት። እንደ አጋጣሚ የዚያን ዕለት ስልኩ አልተያዘም።

ረቡዕ፣ አዳራሹ

ረቡዕ የቅስቀሳው የመጨረሻ ቀን ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ የጥሞና ጊዜ ነው፤ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ስለ ተወዳዳሪ በአደባባይ መናገር ክልክል ነው።

ኑሩ አራት ሰዓት ላይ ጫማው አቧራ ለብሶ ደረሰ። ከሁሉም በፊት ወደ እኔ መጥቶ አቀፈኝ። “መምህር፣ ረህመት እንዴት ናት?” አለኝ በቀስታ። “ደህና ናት” አልኩት። ያኔ ተነሥቼ ወደ ደሴ ብመለስ ኖሮ ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። ሸህ አደም ዱዓ አድርገው አሚን ካልን በኋላ ሥርዓቱን አስረዱ። ሰው ሲያስታርቁ እንደሚያደርጉት ነው፤ ተከራካሪ የሌላውን ጥፋት ከመናገሩ በፊት የሚያውቅለትን መልካም ነገር ይናገራል። ከሐሰት ለመጠበቅም ይምልበታል።

“ከሁለታችሁም አንድ ነገር ነው የምንሻው” አሉ። “መንገድ እሠራለሁ የሚል ብዙ ሰምተናል። በዚያ በክፉው ቀን ለሰው የደረሰ ማን ነው? ስለ ራስ መናገር ነውር ስለሆነ አንዱ ለሌላው ይመስክር።”

ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ኑሩ ስለ ራሱ እንደማይናገር ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

መጀመሪያ እሱ ተናገረ። “አያ ሰኢድ ወንድሙን ያለ አባት ያሳደገ ሰው ነው፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም” አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። “መምህርን ደግሞ በክፉ ቀን አይቼዋለሁ። ደሴ ባዶ ስትሆን ሚስቱን ጥሎ አልሸሸም። አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር ያሳለፈው። ወላሂ።” ተቀመጠ። ከየት ሆኖ እንዳየኝ ማንም አልጠየቀውም።

ተራዬ ደረሰ። “ዶክተር ኑሩ ትሑት ሰው ነው” አልኩ። “ከብት ያውቃል። ሰዓት ያከብራል።”

“ሌላስ?” አሉ ሸህ አደም።

“ሌላ... ሰላምተኛ ነው።”

“በክፉው ቀን ለሰው የደረሰበትን የምታውቀው የለም?”

ያ ጆንያ ተሸካሚ ወጣት ዓይኔ ላይ መጣ፣ ረህመትም መጣች። ሁለቱም ልከዳቸው የማይገቡ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱንም ግን በአንድ አፍ መያዝ አልቻልኩም።

“የለም” አልኩ።

“ወላሂ በላ።”

“ወላሂ።”

ኑሩ ጫማውን ነበር የሚያየው። አልተቆጣም። ቢቆጣ እንዴት ደስ ባለኝ!

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። የተጀመረ መንገድ የጀመረው ሰው ይጨርሰው አልኩ። አንድ የግል ተወዳዳሪ ለብቻው ምክር ቤት ገብቶ ማን ይሰማዋል አልኩ። ሥራውን ጥሎ የወጣ ሰው ነገ ወንበሩንም ይጥላል አልኩ። አንዲት እናት ከኋላ፣ “መንገዱ ከተጀመረ እኮ ልጄ አግብታ ወልዳለች!” ብለው አሳቁብኝ። ኑሩ ሥራውን ለምን እንደለቀቀ ሲጠየቅ ገበሬው ቤት ድረስ ሄዶ ለማከም ቢሮው መኪናም ፈቃድም ስለማይሰጠው እንደሆነ መለሰ። ጥሩ መልስ ነበር። ግን ሰዉ ልቡን ቀድሞ ዘግቶበታል። በክፉ ቀን የት እንደነበር ያልታወቀ ሰው ሆኖባቸዋል።

ስንለያይ ጨበጠኝ። “መምህር፣ አብሽር፣ አይዞህ። ረህመትን ሰላም በልልኝ” አለኝ። ለእኔ ነው አብሽር የሚለኝ! መኪናው እስኪሞላ ልጠብቅ ስወጣ ሸህ አደም አዳራሹ በር ላይ ነበሩ፤ አሥር እርምጃ ብራመድ እሳቸው ዘንድ ነኝ። አልተራመድኩም።

ደሴ፣ ቤቴ

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ደረስኩ። ረህመት ውሃ ሰጠችኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን የዚያን ቀን ውሸቴን ጨርሼው ነበር መሰለኝ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። “ወላሂ” ያልኩበት ስደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“ማልክ?”

“ማልኩ።”

“እኔ ላይ ማልክ” አለች። “እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ!”

ስልኬን ከጠረጴዛው አንሥታ ሰጠችኝ። “ለሸህ አደም ደውልላቸው። ገና አልመሸም፣ መግሪብ እንኳ አልደረሰም።”

ስልኩን ያዝኩት። ቁጥሩን አወጣሁ። አያ ሰኢድ ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬም አሰብኩ፣ ይህን አልደብቅም። አዛን ሲባል ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ሰግደን ስንመለስም እጄ ላይ ነበር። በነጋታው ስትጠይቀኝ፣ “አሁን እኮ የጥሞና ጊዜ ነው፣ ሕጉ ይከለክላል” አልኳት። ሕግ አክባሪነቴ እንዲህ በአንድ ሌሊት ይጠናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በቀጣዩ ሰኞ ድምፅ ተሰጠ። አያ ሰኢድ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ፤ ልዩነቱን የፈጠሩት ደግሞ የቢስቲማ ጣቢያዎች ናቸው። ደውሎ፣ “አደራዬን ተወጣህ፣ አላህ ይስጥህ” አለኝ እያለቀሰ። ከልቡ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ በደስታ መሰለው። ሸህ አደም ዘንድ ከምርጫው በኋላ ሄጄ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ደርሼ ሁለቴም ተመልሻለሁ። አሁን ቢያውቁ ምን ይቀየራል? ለአምስት ዓመት ምንም።

ከጉዞ የተመለሰ ሰው የተማረውን ይጽፋል። እኔ የተማርኩት ይህን ነው፤ ሰው ሁለት ውለታ ሲኖርበት የሚከፍለው ጮክ ብሎ ለሚጠይቀው ነው። ዝም ያለው ይቀርበታል። ኑሩ አንድ ቀን እንኳ “ያንን አስታውስ” ቢለኝ ኖሮ ምናልባት ሰው እሆን ነበር። ይህንንም ስጽፍ ጥፋቱን ወደ እሱ እየገፋሁ እንደሆነ ይታየኛል።

ለዓመታት፣ ቤት ባለሁበት ቀን ሁሉ፣ የረህመትን መርፌ ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ነበርኩ፤ የሌላ ሰው እጅ ያማታል። በዚያ ሐሙስ ጠዋት እጄን ታጥቤ ወደ መኝታ ቤት ስገባ ጨርሳ ልብሷን እየሰበሰበች ነበር።

“ምነው ሳትጠብቂኝ?” አልኳት።

“ራሴ እችላለሁ” አለች።

ይኸው እስከ ዛሬ ራሷ ትወጋለች። በሩን ትዘጋና፣ ስትጨርስ ትከፍተዋለች። እኔም በሩ እስኪከፈት ሳሎን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።