እሳት ያልነካው ንፍሮ

ከአይከል ከተማ በታች፣ ከእርሻዬ ግርጌ፣ መሬቱ ራሱ የሚያፈላው ውሃ አለ። ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ። ጤፌ ደርሶ ሳለ ያለወቅቱ ዝናብ ጣለና እንጨቱንም ኩበቱንም አራሰው። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፤ ደቦ የጠራኋቸው ጎረቤቶቼ ማጭዳቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ከተራራው በላይ ግን የበረዶ ደመና ይከመራል። ዛሬ ካልታጨደ ጤፌ ከአፈር ሊቀላቀል ነው። ደቦ ደግሞ ሳይበላ አያጭድም።

ሚስቴ እሳቱን እፍ ስትል ዓይኗ ቀላ፤ አልነድ አለ። እኔ እቴ፣ መች እጅ ልሰጥ! ለደቦው ንፍሮ የተዘፈዘፈውን ስንዴና ባቄላ በንጹሕ ከረጢት ቋጠርሁና በረጅም እንጨት አንጠልጥዬ ከፍል ውሃው ነከርሁት። የውሃው ዳር አፈሩ ስስ ነው፤ ተጠግቶ እግሩ የተላጠ በሬ አይቻለሁ። እኔ ከአለቱ ላይ ቆምሁ። ፍል ውሃ እንደ ተራጋጭ በቅሎ ነው፤ የት እንደምትቆም ካወቅህ አይጎዳህም። በስሎ ወጣ፣ ሸጋ ንፍሮ! ትንሽ ባሩድ ባሩድ ይላል እንጂ።

ለደቦው ባቀርበው ማንም እጁን አልዘረጋም።

«የመሬት ሆድ ያፈላው ከሰው ሆድ ገብቶም መፍላቱን አይተውም» አሉ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ።

«ምነው አያ፣ በዚሁ ውሃ ታጥበው ወገቤን ተሻለኝ ይሉ የለም?»

«ታጠብሁ እንጂ መች ዋጥሁት!»

ሳቁብኝ። እልኸኛ ነኝ፤ አፌን ሞልቼ ቃምሁ፣ ደገምሁ።

«እንግዲህ እንየው፤ ካልሞተ እንበላለን» ብለው ማጭዳቸውን አስቀምጠው ከበቡኝ። ደመናው ይቀርባል።

«የምሞትስ ከሆነ እያጨድሁ ልሙት!» ብዬ ጤፉ ውስጥ ገባሁ። አጨዳዬ ሩጫ ነው። እነሱ ስወድቅ ማየት አምሯቸዋል፤ ጤፍ ደግሞ አይረገጥ! እያጨዱ ካልሆነ አይደርሱብኝምና ማጭዳቸውን አንሥተው ተከተሉኝ።

«ፊቱ ቀላ!»

«ፀሐዩ ነው!»

«ሆዱ ጮኸ፣ ሰማችሁ?»

እኔ ስፈጥን እነሱ ይፈጥናሉ። ሚስቴ ነዶውን እየሰበሰበች «አንተ ሰው፣ እውነት ደኅና ነህ?» ትለኛለች፤ ሳቅ አፍኖኝ መመለስ አቃተኝ። ያን ጊዜማ «ይኸው ጀመረው!» ብለው ባሰባቸው፤ ማጭዳቸው እንደ ንብ ጮኸ።

ክምሩን በሣር ከድነን ጎጆ ስንገባ በረዶው ወረደ። ጤፌ ተረፈ። ሽማግሌው ከበሩ ቆመው ክምሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ከረጢቱን ወደ ራሳቸው ጎተቱ።

«አያ፣ ይፈላብዎታል!»

«ዝም በል! አሁንስ የፈላብኝ ረኃቡ ነው» አሉና እፍኛቸውን ሞሉ። የቀሩትም ተሻሙ። ለሚስቴ አንዲት ባቄላ እንኳ አልተረፈላት።